የሊፍቱ ዘፈን

ወንድሜ ዕድሜ ልኩን የወደደውን የስፔን ባንድ ስም እዚህ አልጽፈውም። ብጽፈውስ አዳማ ውስጥ ማን ያውቀዋል? እኔ ግን የአባቴን ፊት በቅጡ ሳላውቅ የእነሱን የአራቱን ፊት ሸምድጄ ነው ያደግሁት። ሦስቱ ወንዶች ትከሻው የሰፋ ኮት ለብሰው ወደ ጎን ያያሉ። ሴቲቱ ፀጉሯን አንጥታ፣ ዓይኗን ኩል ተኩላ ፊት ለፊት ታፈጣለች። የካሴታቸው ሽፋን ይኸው ነው። እማዬ ያንን ሽፋን ባየች ቁጥር፣ "እቺ ደግሞ ምን ሆንኩ ብላ ነው የምታፈጠው?" ትል ነበር።

አባቴ ምሥራቅ ጦር ግንባር ሲሞት እኔ እማዬ ጀርባ ላይ ነበርኩ፤ ወንድሜ ገና ጥርሱን የሚቀይር ልጅ ነበር። አባቶቻቸው በጦርነቱ የሞቱባቸው ልጆች ኩባ ሄደው ይማራሉ ተባለና ከብዙ ልጆች ጋር በመርከብ ወሰዱት። አዲስ ጫማ ተሰጥቶት ስለነበር ሲሰናበታት እንኳ ዓይኑ ከጫማው ላይ አልተነሳም ትላለች እማዬ። ሲመለስ ጺም ያለው ሰው ሆኖ ነው። መናኸሪያ ሄደን ተቀበልነው። እማዬ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ እሱ በስፓኒሽ አባበላት። አማርኛው ተሰባብሮ ነበር፤ "ልጄ፣ ራበህ?" ስትለው ቃል ፍለጋ ጣራ ጣራውን ያያል። አንድ ዓመት ሳይሞላ አማርኛው ተመለሰ፤ እማዬ ግን ያቺን የመጀመሪያዋን ሳምንት አልረሳችም። "ኩባ የእኔን ልጅ ወስዳ የሰው ልጅ መለሰችልኝ" ማለት የዘወትር ንግግሯ ሆነ። በተለይ ስፓኒሹን ጠላችው። እሱ ሲላጭ በስፓኒሽ ሲያንጎራጉር ከሰማች ሬዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች።

ጋሽዬ እለው ነበር። ሌሎች ልጆች ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ ሲነገራቸው ለእኔ የሚነገረኝ የባንዱ ታሪክ ነበር። ማድሪድ ውስጥ ለዘመናት ሲገዛ የኖረው ጄኔራል ሲሞት ወጣቱ እንደተፈታ ጥጃ ቦረቀ። እነዚህ አራት ተማሪዎች የአንዳቸው አባት መኪና የሚያቆምበት ክፍል ውስጥ ሙዚቃ ይለማመዱ ጀመር። ጎረቤት በጩኸቱ ተማረረና ከበሮ መቺውን አሰናብተው፣ በፋንታው ቁልፉን ሲጫኑት ከበሮ የሚመታ ሣጥን ገዙ። የሚያውቋቸው ሁሉ ሳቁባቸው፤ ሙዚቃ በማሽን ይሠራል ወይ ተባለ። ከዚያ አንድ ዘፈናቸው ሬዲዮ ላይ ወጣ። ከዚያ ሰው ከኮርማ ጋር የሚዋጋበት ሜዳ ሞላላቸው፤ ከዚያም ባሕር ተሻግረው ስፓኒሽ በሚናገር አገር ሁሉ ስታዲየም የሚጠባቸው ሆኑ። ኩባ ካሴታቸውን ያስገባው አንድ መርከበኛ ነው ይላል ጋሽዬ። ተማሪዎቹ ብርቱካን ለቅመው ሲመለሱ አንዲት ቴፕ ዙሪያ ተኮልኩለው ይሰማሉ። የእናቱ ድምፅ አይደርሰውም፤ ያቺ ፀጉሯን ያነጣች ሴት ግን በየቀኑ ትዘፍንለታለች። እማዬ እንደ ጣውንት የምታያት ለዚህ ይመስለኛል፤ በእውነትም ልጇን በከፊል ያሳደገችው እሷ ነች።

ከዘፈኖቹ ሁሉ አንዱን ይመርጥ ነበር። ሊፍት ውስጥ ስለተቆለፈባቸው ሁለት ሰዎች ነው። አንድ ፎቅ ላይ ለዓመታት የኖሩ፣ ሰላም ተባብለው የማያውቁ ጎረቤታሞች ናቸው፤ መብራት ጠፍቶ እዚያች ውስጥ ሲታፈኑ ይዋደዳሉ። መብራቱ ሲመጣ በሩ ይከፈትና እያንዳንዳቸው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። እኔ ሊፍት አይቼ አላውቅም ነበር። ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቶኝ፣ በሩን ዘግቶ፣ ከውጭ ሆኖ እየዘፈነ አስረድቶኛል። መብራት መጥፋቱን ግን ማስረዳት አላስፈለገውም።

በኋላ ሙዚቃ ቤት ከፈትን። እኔ ካሴት እገለብጣለሁ፣ እሱ በሆቴሎችና በሠርጎች ኪቦርድ ይጫወታል። ያኔ ናዝሬት ሠርግ ላይ ሙሉ ባንድ ነበር የሚመጣው፤ ከበሮ መቺው፣ ሳክስፎኑ፣ ጊታሩ፣ ሁሉም። ጋሽዬ ብቻውን ኪቦርዱን ታቅፎ ሲገባ የሙሽራው አጎት፣ "ሌሎቹስ መቼ ይደርሳሉ?" ብለው ጠየቁት። አንድ ቁልፍ ተጫነና ከበሮው መታ፤ ሌላ ተጫነና ባሱ ገባ። ሕዝቡ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ጨፈረ። ዓመት ሳይቆይ ሁሉም ሰው እንደ እሱ ያለ ፈለገ፤ ኪቦርድ የያዘ ወጣት ሁሉ ከእሱ ሊማር መጣ። እሱ ደግሞ የሚያስተምረው ከዚያው ካሴት የቀዳውን የባስ አካሄድ ነው። ዛሬ ደራ ሄዳችሁ የአርሲ ሠርግ ብትታደሙ፣ ሙሽሪት በኦሮምኛ ዘፈን ስትወጣ ከሥር የሚሄደው ባስ ከማድሪድ የመጣ ነው። ሙሽሪትም አታውቅ፣ ማድሪድም አያውቅ።

ባንዱ እዚያ መበተኑን የሰማነው ከተበተነ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ኢንተርኔት ቤት ሲከፈት ነው። ሴቲቱ ከወንዶቹ ጋር ተጣልታ ለብቻዋ ወጥታለች። ጋሽዬ ያን ዕለት ሱቁን በቀን ዘግቶ ቤት ገባ። እማዬ ደንግጣ፣ "ማን ሞተ?" አለች። ሲነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እነሱ ፈገግ አለች፤ "ድሮም አላማሩኝም" አለችው።

የእኛም ተራ መጣ። ካሴት ሞተ፣ ሲዲ ሞተ፣ ሱቃችን ሜሞሪ መሙያ ሆነ፤ አሁን ያ ራሱ ሞቶ የስልክ ሽፋን እሸጣለሁ። ሠርጉን ዲጄዎች ያዙት። ጋሽዬ ያንን ሁሉ ከበሮ መቺና ሳክስፎን ነፊ ከሥራ እንዳስወጣ፣ እሱን ደግሞ ሁለት ድምፅ ማጉያና አንድ ፍላሽ አስወጣው። አልተናደደም፤ ባሱን ከመንገድ ሲሰማ አንገቱን እየነቀነቀ ያልፋል። እኔ ነኝ የምናደደው።

ስትሮክ የመታው አንድ ሆቴል ውስጥ ለምርቃት ድግስ ኪቦርዱን እየገጠመ ሳለ ነው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ሞቱ፤ አንደበቱም ተዘጋ። ሐኪሙ ቃል የሚቀመጥበት የአንጎል ክፍል መጎዳቱን፣ ቀስ በቀስ ሊመለስ እንደሚችል ነገረን፤ የደም ግፊቱ ክኒን ግን አንድም ቀን እንዳይቋረጥ አስጠነቀቀን። እጁን ሊያሠራው የሚመጣው ወጣት ፊዚዮቴራፒስት በየጠዋቱ "አከም ቡልተን!" እያለ ይገባል። ጋሽዬ ዱሮ ቢሆን በኦሮምኛ ይመልስለት ነበር፤ አሁን ዓይኑን ብቻ ያሳየዋል። ሳምንታት አለፉ፣ አንዲትም ቃል አልወጣችም። የምፈልገው ትልቅ ነገር አልነበረም። "ውሃ" ቢለኝ፣ "ሂጂ ከዚህ" ቢለኝ፣ ቢሰድበኝ እንኳ ይበቃኝ ነበር። ሳይናገር እንዳይሞትብኝ፣ ይኼው ነበር ልመናዬ።

እማዬ ጠበል ይሂድ አለች። አልተቃወምኩም፤ የምቃወምበት ምን ነበረኝ? ከሱቃችን ጎን የሚነግደው የወሎ ሰው አባዱላ ሚኒባስ አለው፤ ራሱ እየነዳ ሊወስደን ተነሳ። "እማማ፣ እኔ የእናንተን ጠበል አላውቅም፤ መንገዱን ግን አውቀዋለሁ" አለ። ከወለንጪቲ ወጣ ብሎ ነው፤ ፀሐይ ገና ሳትበረታ ደረስን። ሰዉ ነጠላውን አደግድጎ ተሰልፏል። ጋሽዬን ሁለት ጎረምሶች ደግፈው አስገቡት፤ አጥማቂው አባ በጆግ የሞላ ውሃ ከራሱ ላይ ለቀቁበት።

ዘፈነ።

እውነቴን ነው፤ ያንን የሊፍቱን ዘፈን ከአዝማቹ ጀምሮ፣ ቃሉን ሳያዛንፍ፣ በዚያ ወንዶች ልጆችን ሁሉ በሚያስቀና ድምፁ ዘፈነው። ለሳምንታት አንዲት ቃል ያልወጣው አፍ ስፓኒሹን እንደ ጅረት ለቀቀው። ሕዝቡ ግን ወዲያው፣ "ለፈለፈ! ለፈለፈ!" ብሎ እልልታውን አቀለጠው። ጠበል ቦታ ሰው ላይ ያለ መንፈስ ውሃው ሲያቃጥለው ይጮኻል፤ ሲጮህ ስሙን ይጠየቃል፣ መቼ እንደገባና መቼ እንደሚለቅ ይናዘዛል። ይህን ማንም ያውቃል። አባ መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ ተክለው፣ "ማን ነህ? ስምህን ተናገር!" አሉት። ጋሽዬ ወደ ሁለተኛው ስንኝ ገባ።

"በምን ቋንቋ ነው የሚናገረው?" አሉ አባ ዞር ብለው።

"ዓረብኛ ነው" አለች አንዷ። "የሱዳን ነው፣ እኔ ሱዳን ኖሬያለሁ" አለ ሌላው።

"ስፓኒሽ ነው፣ አባ፤ መንፈስ አይደለም፣ ዘፈን ነው" አልኩ እየጮህኩ። "ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ዘፈን ነው! ስለ ሊፍት ነው!"

"ታዲያ ሰይጣን ዘፈን አይችልም?" አለችኝ ከኋላዬ የቆመች ሴትዮ። ሰዉ ሳቀ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የያዝከው?" ሲሉ አባ መንፈሱን ጠየቁ። መንፈሱ አልመለሰም። የመለሰችው እማዬ ናት። ነጠላዋ ከራሷ ላይ ወድቆ፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ "ከኩባ ጀምሮ ነው አባቴ! ከኩባ ጀምሮ!" አለች። ፊቷን አየሁት። ያን ሁሉ ዘመን ስትፈልገው የኖረችው መልስ እጇ ገብቷል። የተወሰደባት ልጅ ያው እዚያው ውስጥ አለ፤ ያ ሌላው ሲወጣ ያኛው ይመለስላታል። ይህን የመሰለ ተስፋ ከአንዲት እናት ላይ በምን አፌ ልቀማ?

አባ ክፉ ሰው አልነበሩም። ለብቻቸው አግኝቼ ስለ ስትሮኩ ስነግራቸው በጥሞና ሰሙኝ፤ ሐኪም የሰጠውን መድኃኒት እንዳያቋርጥ እማዬን ጠርተው በፊቴ ነገሯት። "ይፍቱኝ አባ" ብላ መስቀል ተሳለመች። ከዚያ ንግግር እሷ ይዛ የሄደችው ግን "አፉ ተከፍቷል" ያሉትን ብቻ ነው። ስንመለስ ጎረቤታችን መሪውን እንደያዘ፣ "እማማ፣ አይቀየሙኝና ያ ዘፈን እኮ ሱቃችሁ ውስጥ ጠዋት ማታ የምሰማው ነው" አላት። እማዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እማዬና ጋሽዬ ልብሳቸውን ይዘው ተመለሱና እዚያው ጠበሉ አጠገብ ክፍል ተከራይተው ተቀመጡ። እኔ ሱቅ ስለነበረብኝ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ጋሽዬ በየጠዋቱ ይዘፍናል። ከሊፍቱ ወደ ሌሎቹ ተሻገረ፤ ካሴቱን በሙሉ፣ በቅደም ተከተሉ። "ፈረንጁ መንፈስ" የሚል ስም ወጣለት፤ የራሳቸው ሕመም የሌለባቸው ሰዎች ሳይቀሩ እሱን ለመስማት በማለዳ ይመጡ ጀመር። እሱም ያውቃል። ሠርግ ላይ መድረክ ሲወጣ እንደሚያደርገው፣ ውሃው ከመውረዱ በፊት ግራና ቀኙን አየት ያደርጋል። ያ ማድሪድ ውስጥ ስታዲየም የሞላ ባንድ የመጨረሻ ትርዒቱን ያሳየው ከቦሰት ተራራ ሥር፣ ለበሽተኞች ነው። አጨብጭቡ ቢባሉ ያጨበጭቡ ነበር።

ክኒኑን የተወው በዚያ ሰሞን ነው። ስሰጠው በደህነኛው ግራ እጁ ይገፋና ጣቱን ወደ ሰማይ ያሳየኛል። አፉን ለዘፈን እንጂ ለክኒን አይከፍትም። "ጋሽዬ፣ ዘፈኑ የሚወጣው ዘፈን አንጎል ውስጥ የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው፤ ሐኪሙን ጠይቄ ነግሮኛል። በሽታው አልሄደም" አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ፣ ፈገግ አለ፣ አሁንም ወደ ሰማይ አሳየኝ። እማዬ ጣልቃ ገባች፤ "በእምነት ላይ ክኒን መጨመር መጠራጠር ነው። እሱ ራሱ አልፈልግም አላለሽም?" አለችኝ። ወደ አባ ሄድኩ፤ አባ መጥተው መከሩት፤ በፊታቸው ዋጠና ሲሄዱ ተፋው። ክኒኑን ፈጭቼ ሾርባ ውስጥ ብጨምረው ቀምሶ ወደ ግድግዳው ዞረ። የሃምሳ ምናምን ዓመት ሰውዬ አፍ በጉልበት አይከፈትም። በንዴት አልቅሼ በአውቶቡስ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎረቤታችን እማዬን ሊጠይቅ ከእኔ ጋር መጣ፤ እንደ ልማዱ መኪናው አጠገብ ቆመ። ጋሽዬን አስገቡት። ግራና ቀኙን አየ። አባ ውሃውን ለቀቁበት፤ ሰዉ ዘፈኑን ሊሰማ ፀጥ አለ። አፉ ተከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። እንደገና ከፈተው። ከዚያ ጉልበቱ ከዳውና እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተዘረጋ።

"ለቀቀው!" አለ አንዱ። "ወጣ! ወጣ!" አሉ ሁሉም። መንፈስ ሲለቅ ሰውን ጥሎ ነው የሚለቀው፤ የወደቀው ሰው ዝም ካለ ድኗል ማለት ነው። እልልታው ከተራራው እየተመለሰ ያስተጋባል። እማዬ እየዘለለች ነበር፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስትዘል አይቻት አላውቅም። እኔ የማየው የአፉን ጥግ ነው። በግራ በኩል፣ ደህነኛ በነበረው በኩል፣ ሲንሻፈፍ አየሁ። "ስትሮክ ነው! እባካችሁ አንሱት!" እያልኩ ብጮህ ከእልልታው በላይ ማን ይስማኝ? አባ ደረስ ብለው ጎንበስ ሲሉ ፊታቸው ተለወጠ፤ እጃቸውን አንስተው ሕዝቡን ዝም ለማሰኘት ሞከሩ፤ ሕዝቡ ግን ቡራኬ መሰለውና ባሰበት። ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ጩኸቴን የለየው ጎረቤታችን ነው። ጫማውን አውልቆ፣ በሰዉ መካከል ሮጦ ገብቶ፣ ጋሽዬን እንደ ልጅ ታቅፎ አወጣው። "ያ አላህ፣ ያ አላህ" እያለ እስከ አዳማ ነዳ። እማዬ ከኋላ የልጇን ጭንቅላት ታፋዋ ላይ አስቀምጣ፣ "ተኝቶ ነው፤ ደክሞት ነው፤ ስንት ዘመን የተሸከመው ነው" ትል ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ይህን ማለቷን አቆመች።

አልሞተም። ቤት ነው ያለው። ዓይኑ ክፍት ነው፤ ሐኪሙ ምን ያህል እንደሚሰማ አይታወቅም ይላል። ግራ እጁም ተኝቷል። ፊዚዮቴራፒስቱ አሁንም እየመጣ እጅና እግሩን ያንቀሳቅስለታል፤ "አከም ቡልተን" የሚለውን ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። በእማዬ ላይ ለመናደድ ሞከርኩ። ለጥቂት ሳምንታት ችዬ ነበር፤ ከዚያ ንዴቱ የት እንደገባ አላውቅም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እሷ የፈራችውም የጠላችውም ያንን ስፓኒሽ ብቻ ነበር፤ ያው እሱም አሁን የለም።

በቅርቡ ዩቲዩብ ላይ ሴቲቱን አየኋት። አርጅታለች። ፀጉሯ አሁን በራሱ ነጥቷል። አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ቆማ የሊፍቱን ዘፈን ትጀምርና ድምፁ አልወጣ ሲላት ማይኩን ወደ ሕዝቡ ታዞራለች፤ ሕዝቡ በሙሉ ይጨርስላታል። ከሥሩ በስፓኒሽ ብዙ አስተያየት ተጽፏል፤ አላነበውም። እኔም የምጽፈው አንድ ነገር ነበረኝ፤ በምን ቋንቋ ልጻፈው?

ትናንት ከሰዓት በኋላ እማዬ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። "ስልክሽ ላይ ያ የሊፍቱ አለ?" አለችኝ። ስሙን ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም ነበር። አለ አልኳት። "ክፈቺለት።" ከፈትኩና ስልኩን ትራሱ ላይ አስቀመጥኩ። ከበሮው ገባ፣ ባሱ ገባ፣ ሴቲቱ መዝፈን ጀመረች። ጋሽዬ ጣራውን ያያል። እማዬ ጎንበስ ብላ አፏን ጆሮው ላይ አስጠጋች፤ ለእሱ የምታወራ መስሎኝ ነበር።

"ና ግባ" አለች። "ውጣ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ እሱ አላለም። ከፈለግህ በእኔ ግባ፤ ካልሆነ ወደ እሱ ተመለስ። በፈለግኸው ቋንቋ ተናገር፣ ከእንግዲህ አልከፋም። ብቻ ድምፁን አሰማኝ።"

ዘፈኑ አለቀ። እማዬ ቀና ሳትል "ድገሚው" አለችኝ። ደገምኩት።